«አይ ኬም! አይ ኬም!»

ባሕር ዳር ላይ ለጀልባ ነጂዎችና ለአስተናጋጆች ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ፕረዘንት ኮንቲኒውየስ (በ«ኢንግ» የሚያልቀው የግስ ቅርጽ) ላይ ስንደርስ ቀለል ያለ ሳምንት ነው ብዬ ነበር። አማርኛችን «እየ» አለው፣ «ነው» አለው። «እየበላሁ ነው» ማለት «አይ አም ኢቲንግ» ነው፣ አለቀ። ሰሌዳ ላይ አም፣ ኢዝ፣ አር ብዬ ጻፍኩ፤ ግሱ ላይ «ኢንግ» ቀጠልኩ። ፈተናውን ሁሉም ደፈኑት።

በሳምንቱ ወደቡ ላይ አንዱን ተማሪዬን ፈረንጅ ሲጠራው ሰማሁ። እሱ ገመድ እየፈታ «አይ ኬም! አይ ኬም!» ይላል። ሰውየው ግራ ገባው። ጀልባ ነጂው የት መጣና!

ስቄ ሳበቃ ነገሩ ከነከነኝ። እኛ ሲጠሩን ከወንበር ሳንነሳ «መጣሁ!» ነው የምንለው። («እየመጣሁ ነው» የስልክ ነው፤ ያውም ከአልጋ ሳይወርዱ።) ልጁ ሰዋስው አልጠፋበትም። አማርኛውን በትክክል ተርጉሟል።

ከዚያ ክፍሉን ይዤ ሐይቁ ዳር ወጣሁ። አንድ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳ ያልፋል። «ምን እያደረገ ነው?» አልኳቸው። እየቀዘፈ ነው፤ «ሂ ኢዝ ሮዊንግ»፣ ጥሩ። ታንኳው ላይ ተቀምጧል፤ «ሂ ሳት» አሉ። ጋቢ ለብሷል፤ «ሂ ዎር»። ዓሣ ይዟል፤ እሱም እንደዚያው። ጉዱ እዚህ ነው ያለው። መቀመጥ፣ መቆም፣ መተኛት፣ መልበስ፣ መያዝ በአማርኛ ድርጊታቸው አልቆ ሁኔታው ነው የሚቀረው። እንግሊዝኛ ግን ሁሉንም በ«ኢንግ» ይጠራቸዋል፦ ሲቲንግ፣ ዌሪንግ፣ ሆልዲንግ። በ«እየ» ከመለስናቸው ሌላ ነገር ይመጣል። «እየተቀመጠ ነው» ገና ጉልበቱን እያጠፈ ያለ ሰው ነው። የአንዲት ሴት ፎቶ አሳይቼ «ሺ ኢዝ ዌሪንግ»ን «እየለበሰች ነው» ብዬ ስተረጉም፣ አንዷ አስተናጋጅ «ቲቸር፣ ገና እየለበሰች ከሆነማ ዞር እንበልላታ!» አለች። የዚያን ቀን ትምህርት በዚሁ አበቃ።

ከዚያ ወዲህ በ«እየ» አልጀምርም። የሚታይ ሰው አቆማለሁ፤ «አሁን ብታየው እንዴት ነው?» እላለሁ። «እየ»ን የማነሳው መጨረሻ ላይ ነው።

ሌላው ስህተት የራሴ ነው። «ኢንግ ማለት አሁን ማለት ነው» ብዬ አስተምሬአቸዋለሁ። አንድ ቀን ቱሪስቶች «ዊ አር ጎዪንግ ቱ ዘጌ ቱሞሮ» አሉ። በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ ጀልባ ነጂ ማታ መጥተው ተቆጡኝ፦ «አሁን ነው ብለኸን አልነበር? ነገ ምን አመጣው?» እውነታቸውን ነው። እንግሊዝኛ ለተቆረጠ ቀጠሮም ይህንኑ ቅርጽ ይጠቀማል፤ እኛ ደግሞ «ነገ እንሄዳለን» ብለን እንጨርሳለን። «እየገባኝ ነው» ብለው «አይ አም አንደርስታንዲንግ» ለሚሉት ግን እስካሁን መላ የለኝም። «ኢንግ» የማይወዱትን ግሶች ዝርዝር በቃል አስይዛቸዋለሁ፣ በቃ።

ያ የወደቡ ልጅ አሁን «አይ አም ካሚንግ!» ይላል። ቡናውን ሳይጨርስ ግን አይነሳም።