ሽበቱ ይጥቆርልኝ

ባሕር ዳር የሄድኩት ተልኬ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ለመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ የቀድሞው የተመድ ዋና ጸሐፊ የኮፊ አናንን ምስል እዚያ ላለ ሰዓሊ አዝዞ «ሄደህ አምጣልኝ» አለኝ፤ እኔም ጣናን ካየሁ ስለቆየሁ አላንገራገርኩም። ኮፊ አናን ለከተማዋ እንግዳ አልነበሩም። በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ስለ አፍሪካ ጸጥታ ለሚመከርበት ጣና ፎረም መጥተው ንግግር አድርገዋል። በወጣትነታቸውም አዲስ አበባ፣ አፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ሠርተዋል።

ስደርስ ሰዓሊው ጺማቸው ላይ ነበር። ፎቶው በእርሳስ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ተሰምሮ ከሸራው አጠገብ ተለጥፏል። ነጩን ቀለም ብቻውን አይቀባም። ትንሽ ሰማያዊ፣ ትንሽ ቡናማ ነካ ያደርግበትና በቀጭኗ ብሩሽ ጸጉር በጸጉር ያወርደዋል። ቆሜ ስመለከት ሻዬ ቀዘቀዘ።

አዛዡ ደግሞ ስልክ አይሰለቸውም። ሽበቱ ይጥቆርልኝ፣ ከኋላ የተመድ ባንዲራ ይግባ፣ የኖቤል ሜዳሊያውም ደረታቸው ላይ ይሁን። (ሽልማቱን እ.ኤ.አ. በ2001 ከድርጅቱ ጋር እኩል ነው የተካፈሉት፤ ሜዳሊያውም ደረት ላይ የሚንጠለጠል ዓይነት አይደለም።)

«ወንድም ዓለም፣ ሽበታቸውን ካጠፋሁት ማን ብሎ ይለያቸዋል?» አለኝ ሰዓሊው። መጀመሪያ የተላከለት ፎቶ ከጎን የተነሳ ነበር አሉ። እሱንም አልቀበልም ብሎ መልሶታል፤ «በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሳል ይሁዳ ነው!»

ሥራው እስኪያልቅ ደቅ ደሴት ሄደህ ናርጋ ሥላሴን አይተህ ና ብሎ አሰናበተኝ። በጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ፀሐዩም አይጣል ነው፣ ግን መቅደሱ ግድግዳ ፊት ስትቆም ድካሙ ይረሳል። ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ልጇን ከታቀፈችው ማርያም እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተስለዋል። አስቡት፣ ገንዘቡም ትእዛዙም የእሳቸው ሆኖ ለራሳቸው የመረጡት ቦታ እታች ነው። ትሕትና ብቻ ነው ብዬ ግን አልሸወድም፤ ለዘመናት ከማርያም እግር ሥር መታየት ቀላል ነገር አይደለም። አዛዥ ሁሌም አዛዥ ነው፣ ልዩነቱ እቴጌይቱ ምን እንደሚጠይቁ ያውቁበታል።

ስመለስ ጺሙ አልቋል። ባንዲራው ገብቷል፣ ግን ደብዘዝ ብሎ፣ ከትከሻቸው ኋላ ሰማያዊ ጥላ መስሎ። ሜዳሊያ የለም። ሽበቱም እንዳለ ነው። እኔ ብሆን ባንዲራውንም እተወው ነበር፤ ፊታቸው ብቻውን ይበቃል።

ቀሪውን ከፈልኩና ባዶ እጄን ተመለስኩ። የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፣ እርጥቡን ከጠቀለሉት ደግሞ ይበላሻል። ሲደርቅ ቀለም የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ይላካል ተብሏል። አዛዡ አሁንም ስለ ሽበቱ ይነዘንዘኛል።