የተቆረጠችው ፊደል

እ.ኤ.አ. በ2018 ሜሪላንድ ውስጥ የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌር በሚሠራ ድርጅት ቴስተር ነበርኩ። ሩጫ ላይ ነን። ከ2019 ጀምሮ በሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት አረጋውያንን በሚሸፍነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ የሚመዘኑ ሐኪሞች «የ2015 እትም» የሚባለውን የፌዴራል መስፈርት ያሟላ ሶፍትዌር እንዲጠቀሙ ተወስኗል።

ከለውጦቹ አንዷ የታካሚው ቋንቋ ናት። ድሮ በሦስት ፊደል ኮድ ይመዘገብ ነበር። በአዲሱ ግን ባለሁለት ፊደል ኮድ ካለ እሱ ነው የሚወሰደው። የአማርኛው «ኤ ኤም ኤች» «ኤ ኤም» ሆነ። ፕሮግራመሩ ብዙ ታካሚ ላላቸው እንደ ስፓኒሽ ላሉት ቋንቋዎች አንድ በአንድ ሠንጠረዥ ሠራ። ለቀሩት የመጨረሻዋን ፊደል መቁረጥ በቂ መሰለው።

ያየሁት እኔ ነኝ። አማርኛ፣ ልክ ነው። ትግርኛ፣ ልክ ነው። ሶማሊኛም ልክ ነው። ፈረምኩ። የምስክር ወረቀቱም ተገኘ። ፈታኙ ላብራቶሪ የሚያየው ሲስተሙ ቋንቋን በትክክል መመዝገብ መቻሉን ነው። የደንበኞቻችንን የድሮ መዝገብ እንዴት እንዳዛወርን አይጠይቅም።

ከሳምንታት በኋላ ከአንድ ክሊኒክ ተደወለ። ደዋይዋ እንግዳ ተቀባይ ናት፣ የአገር ልጅ።

«ወንድሜ፣ ኧረ ምን አድርጋችሁት ነው?» አለችኝ።

ልጇን ያቀፈች እናት መጥታለች። ከኦሮምኛ ሌላ አትናገርም። አስተርጓሚ በስልክ ተጠራላት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ ራሷን ነቅንቃ መለሰችው። ለሌላ ቀን ተቀጠረች።

ክው አልኩ። የኦሮምኛ ኮድ «ኦ አር ኤም» ነበር። ሲቆረጥ «ኦ አር» ይሆናል፣ ይሄ ደግሞ የኦዲያ ኮድ ነው፤ ሕንድ አገር የሚነገር ቋንቋ። ትክክለኛው «ኦ ኤም» ነው። በአገራችን ብዙ ሰው አፉን የፈታበትን ቋንቋ ሳልከፍት ፈርሜያለሁ። ዛሬም ይከነክነኛል።

ማስተካከሉም ቀላል አልነበረም። «ኦ አር» የሚለውን ሁሉ በጅምላ «ኦ ኤም» ብንል እውነተኞቹን የኦዲያ ተናጋሪዎች እናጠፋለን፤ የእነሱም የድሮ ኮድ «ኦ አር አይ» ስለነበር ሁለቱ አንድ ላይ ተደባልቀዋል። ስለዚህ ከዝውውሩ በፊት የተቀመጠውን ባካፕ አውጥተን ታካሚ በታካሚ አመሳከርን። በሠንጠረዡ ያልነበሩትን ቋንቋዎች በሙሉ እኔ ራሴ አንድ በአንድ ከፈትኩ። ሁለት ሌሊት አደርንበት።

በሳምንቱ እንግዳ ተቀባይዋ መልሳ ደወለች። እናትየዋ በቀጠሮዋ መጥታ ነበር።

«ዛሬ ስልኩን አልመለሰችውም» አለችኝ። «ሃያ ደቂቃ አወራች።»