የማላውቃቸው ሰዎች ናፍቆት
የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ካወጀ በኋላ፣ ለወራት ከቤት ሳልወጣ ስቆይ የወዳጆቼን ድምፅ በስልክ እሰማ ነበር፤ የማላውቃቸውን ሰዎች ግን ፈጽሞ አጥቼ ነበር። እንደገና መውጣት በጀመርሁበት ሰሞን፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ከደመናው ተነሥተን ስለ ልጅ ልጆቻቸው፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመምና ስለ ናፈቃቸው ጭውውት ስናወጋ አንድ ሰዓት ያህል አለፈ። ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም (እሳቸውም የእኔን አልጠየቁኝም)፤ ደስታው ግን ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ። የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ የላላ ትውውቅ ከቅርብ ወዳጆቻችን ክበብ ውጭ ያለውን ወሬና ዕድል እንደሚያደርስልን አስረድቷል፤ እኔን የናፈቀኝ ግን ያልጠበቅሁት ሰው ፊቱን ወደ እኔ መልሶ ሲያናግረኝ የሚሰማኝ ሙቀት ነበር። አሁን አውቶቡስ ስሳፈር የጆሮ ማዳመጫዬን ከቦርሳዬ አላወጣም።