በዱናም ስንት ቤት፣ በቤት ስንት ሰው

እናቴ የምትኖርበት፣ በእስራኤል የባሕር ዳርቻ ከተማ በናታንያ ያለው ሕንፃ በ1960ዎቹ ከተሠሩት ሽኩኖች፣ ማለትም የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች፣ አንዱ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ባለ አራት ፎቅ ሲሆን ሦስት መግቢያዎች አሉት፤ በእያንዳንዱ መግቢያ በየፎቁ ሁለት ሁለት ቤት ስላለ በጠቅላላው 24 አባወራ ይኖርበታል። አሳንሰር የለውም። በቅርቡ ሕንፃውን አፍርሶ በምትኩ ረጅም ፎቅ ለመሥራት ያቀደ የአንድ ድርጅት ተወካይ ነዋሪውን ሰብስቦ ሲያስረዳ፣ ከአፉ ያልጠፋው ቃል «ጥግግት» ነበር፤ በእኛ ሽኩን በዱናም 12 ቤት ብቻ ስላለ መሬቱ ባክኗል የሚል ነው ክርክሩ። ዱናም 1,000 ካሬ ሜትር መሆኑን ለማያውቅ አንባቢ አስታውሳለሁ።

በባሕሩ ዳርቻ ሜዳ ላይ መሬት ውድ መሆኑ አያከራክርም። ከውኃው ጠርዝ እስከ 100 ሜትር ድረስ በመርሕ ግንባታ አይፈቀድም፤ በ2004 የወጣው የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ሕግ ደግሞ ጥንቃቄውን እስከ 300 ሜትር ዘርግቶታል። የናታንያ ገደል ራሱ በማዕበልና በዝናብ እየተሸረሸረ ነው። ሆኖም ረጅም ፎቅ የተተከለበት ቦታ ሁሉ ብዙ ሰው ይኖርበታል ብሎ መደምደም ስሕተት ይመስለኛል። ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች የበዙባት ቴል አቪቭ በ52 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ450,000 በላይ ሕዝብ ስታኖር፣ አጠገቧ ያለችው ብኔ ብራክ ሰባት ካሬ ኪሎ ሜትር በምትሆን መሬት ላይ ከ200,000 በላይ ይዛለች፤ ያውም አብዛኛው ቤቷ ከአራትና ከአምስት ፎቅ ሳያልፍ ነው። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት በየቤቱ ያለው የልጅ ብዛት ነው እንጂ የሕንፃው ቁመት አይደለም።

እስቲ የራሳችንን ሰፈር በግምት እናስላ። በሽኩኑ በየቤቱ ስድስት ሰው ቢኖር፣ 24ቱ ቤት በሁለት ዱናም ላይ 144 ነፍስ ይይዛል፤ በዱናም 72 ማለት ነው። በአራት ዱናም ላይ 100 ቤት ያለው ባለ 25 ፎቅ ሕንፃ በቤት ቁጥር እጥፍ ቢበልጠንም፣ ሲሶው ተዘግቶ በቀሪው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ቢኖርበት በዱናም ከ50 ሰው አይበልጥም። ሲሶው ተዘግቶ ማለቴ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ በባሕሩ ዳር ያሉት ፎቆች ውስጥ ብዙዎቹ ቤቶች ለበዓልና ለክረምት ዕረፍት ብቻ ከፈረንሳይና ከሌላም አገር የሚመጡ ሰዎች ንብረት በመሆናቸው፣ በአዘቦት ምሽት በዚያ የሚያልፍ ሰው የበራውን መስኮት መቁጠር አይከብደውም።

እኛ ከኢትዮጵያ የመጣነው ሽኩን ውስጥ የተገኘነውም በምርጫ ብቻ አይደለም። እነዚህ ሕንፃዎች አገሪቱ ከተመሠረተች በኋላ በጅምላ ለመጡ ስደተኞች በጥድፊያና በቁጠባ የተሠሩ ስለነበሩ ክፍሎቻቸው ጠባብ ናቸው። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ሲገባ ብዙው በመርከዝ ክሊታ (በስደተኞች መቀበያ ማእከል) እና በካራቫን (በጊዜያዊ ተንቀሳቃሽ ቤት) ከቆየ በኋላ፣ በ1993 መንግሥት ልዩ ማሽካንታ፣ ማለትም የቤት መግዣ ብድር፣ ፈቀደ፤ ያ ገንዘብ በመካከለኛው አገርና በባሕሩ ዳር ሊገዛ የሚችለው ግን በአብዛኛው አሮጌውን ሽኩን ነበር። ስለዚህ የቤቱንም ዓይነት የሰፈሩንም ስም የመረጠልን ማሽካንታው ነው ማለት ይቻላል። በጎንደር ገጠር ጎጆ ሲጠብ ሌላ ጎጆ በአጠገቡ ይቀለስ ነበር፤ እዚህ ልጅ ሲበዛ የተጨመረው ፍራሽ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ሽኩኑ ይቆይ ማለቴ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የሚሠራ ቤት ሁሉ ማማድ፣ ማለትም ከሮኬት የሚከልል የኮንክሪት ክፍል እንዲኖረው ይገደዳል፤ በእናቴ ቤት ግን የለም፤ ሳይረን ሲጮኽ አራት ፎቅ ደረጃ መውረድ ደግሞ ለእርሷ ዕድሜ አይሞከርም። እኔን ያሳሰበኝ ሰብሳቢው ቶሎ ያለፈው ጉዳይ ነው። አሳንሰር፣ የውኃ ፓምፕ፣ የመኪና ማቆሚያና የመግቢያ ጥበቃ ያለው ሕንፃ የቫድ ባይት፣ ማለትም የሕንፃው የነዋሪዎች ኮሚቴ፣ ወርኃዊ ክፍያው ከሽኩኑ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ በጡረታ ገንዘብ የሚኖር ሰው አዲሱን ቤት በነፃ አግኝቶ ወጪውን ሳይችል ቀርቶ ሊሸጠው ይገደዳል። የድርጅቱ ሰው ለስንት ዓመት ድጎማ እንደሚሰጡ ስጠይቀው በጽሑፍ እመልሳለሁ ብሎ ነበር፤ እስካሁን አልመለሰም።

በ2021 በተሻሻለው ሕግ መሠረት ከባለቤቶቹ ሁለት ሦስተኛው ከተስማሙ በእምቢተኛው ላይ ክስ መመሥረት ስለሚቻል፣ ለብቻ እምቢ ብሎ መቆየት ብዙ አያዋጣም። እናቴ እስካሁን አልፈረመችም። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፤ የቫድ ባይቱ ድጎማ በውሉ ላይ እንዲጻፍና ከሦስተኛ ፎቅ በላይ እንዳይሰጧት፤ «አሳንሰሩ የተበላሸ ቀን ማን ሊያወርደኝ ነው?» ትላለች።