ከ«ትሬዠር አይላንድ» እንግሊዝኛ ቃላት እንዴት እንዳጠናሁ

እንግሊዝኛ ለማሻሻል ልብ ወለድ ልታነቡ ካሰባችሁ፣ ከመጽሐፉ በፊት የቃላት ዝርዝር ከሚያስይዛችሁ ሰው ራቁ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ገንዘቤም ጊዜዬም ይተርፍልኝ ነበር።

ያነበብኩት የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን «ትሬዠር አይላንድ» ነው። በመጽሐፍ መልክ የወጣው በ1883 እ.ኤ.አ. ነው። ጂም ሆኪንስ የሚባል ልጅ፣ የተቀበረ ሀብት ፍለጋ ከባህር ወንበዴዎች ጋር በአንድ መርከብ ይጓዛል። ሙሉ ጽሑፉ ጉተንበርግ የሚባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ። በድምፅ የተነበበው ደግሞ ሊብሪቮክስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ሁለቱንም ስልኬ ላይ ጫንኩ።

ያስመረረኝ የተመዘገብኩበት የቋንቋ ማሠልጠኛ ነው። መጽሐፉን እናነባለን ብለው ነው የመዘገቡን። ክፍል ስንገባ ግን የተሰጠን ፎቶ ኮፒ ወረቀት ነበር። ከመጽሐፉ የተለቀሙ ቃላት በፊደል ተራ ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው አንድ አንድ የአማርኛ ቃል ተጽፏል። ካፕስተን፣ «የመርከብ ዕቃ»። ስኩነር፣ «መርከብ»። ኮክስዌይን፣ «መርከበኛ»። ገጹ በሙሉ እንዲህ ነው። መጽሐፉስ ብለን ስንጠይቅ፣ «ይከብዳችኋል፣ መጀመሪያ ቃላቱን ጨርሱ» ተባልን።

እኔ ቤት ገብቼ መጽሐፉን ማንበብ ጀመርኩ። አልከበደኝም፤ ከወረቀቱ ይልቅ እሱ ቀለለኝ። ቤን ጋን የሚባል፣ ደሴቱ ላይ ተጥሎ የቀረ ሰው አለ። ጂም የዚህን ሰው ጀልባ ተደብቃ ሲያገኛት፣ ከእንጨት የተሠራ ሸካራ አፅም ላይ የፍየል ቆዳ የተወጠረባት፣ ትንሽዬና ቀላል ነገር ናት። እንዲህ ያለችው ጀልባ ኮራክል ትባላለች። ልጁ ሌሊት ይዟት ባህር ይገባል፤ እሷ ግን እንደ ፈለገችው እየዞረች አልታዘዝ ትለዋለች። ይህን ካነበባችሁ በኋላ ቃሉን ለመርሳት ብትሞክሩም አይረሳችሁም።

ፈተናው ላይ ኮራክል ምንድን ነው ተባልኩ። «በቆዳ የተሸፈነች ትንሽ ቀላል ጀልባ» ብዬ ጻፍኩ። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደረገብኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው «ጀልባ» ብቻ ነዋ! መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። «መምህር፣ ይሄ እኮ ልክ ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ አለ» ብዬ ስልኬን ከፍቼ አሳየሁት። ስልኩን ዞር ብሎም አላየው። «የጠየቅንሽ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው» አለኝ። ቢሮ ሄጄም የተለየ መልስ አላገኘሁም። ያነበበ ሰው ተቀጥቶ ያላነበበ ሙሉ ማርክ የሚያገኝበት ትምህርት እስካሁን ያናድደኛል። ከእኔ ጋር የተመዘገቡ ልጆች ታሪኩን ሳያውቁት፣ መጽሐፉ አሰልቺ ነው ብለው ወጡ። ከራሴ ማርክ በላይ ያዘንኩት በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ በራሴ መንገድ ሄድኩ። አንዱን ምዕራፍ ሳላቋርጥ እስከ መጨረሻው አነባለሁ። የማላውቀውን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጉ የሚለውን ምክር አልቀበልም፤ ታሪኩን ይገድለዋል። ሁለተኛ ሳነብ ግን ደጋግሞ የመጣውን፣ ወይም ያለ እሱ ነገሩ የማይገባኝን ቃል ብቻ እፈልጋለሁ። ሦስተኛውን በጆሮዬ እሰማለሁ።

የመርከብ ዕቃ ስሞችን እለፏቸው። የሚጠቅማችሁ ሰዎቹ የሚያደርጉት ነገር ነው። መጀመሪያው ገጽ ላይ ጉንጩ በጎራዴ የተቆረጠ ሽማግሌ መርከበኛ እግሩን እየጎተተ ወደ ጂም ቤተሰቦች ማደሪያ ቤት ሲመጣ፣ ፕሎድ የሚለው ቃል አለ። ዓይነ ስውሩ ፒው በበረዶ በደረቀው መንገድ ላይ ዱላውን ሲያንኳኳ ታፕ አለ። አንድ እግር ያለው ወንበዴ ሲልቨር በምርኩዙ እንደ ወፍ ሲዘል ሆፕ አለ። እነዚህን በራሴ ዓረፍተ ነገር እጽፋቸዋለሁ። ፕሎድን የጻፍኩት ክረምት ላይ በሰፈራችን ጭቃ ቦቲ አድርገው ስለሚሄዱ ሰዎች ነው። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ሰው አካሄድና ሁኔታ ስናገር አፌ ላይ የመጡልኝ እንዲህ ያጠናኋቸው ቃላት ናቸው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የወንበዴዎቹን ሰዋስው አትውሰዱ። «ዩ ወር» ማለት ሲገባቸው «ዩ ዎዝ» እያሉ ነው የሚያወሩት፤ ደራሲው ሆን ብሎ ነው። ፈተና ላይ እንደዚያ ብትጽፉ ትጎዳላችሁ። ዓረፍተ ነገር መቅዳት ከፈለጋችሁ በታሪኩ ውስጥ ያለውን ሐኪም፣ የዶክተር ላይቭሲን ንግግር ቅዱ።

መጽሐፉ 34 ምዕራፍ አለው። ሁሉንም ለመጨረስ ጊዜ ከሌላችሁ የመጀመሪያዎቹን ስድስት አንብቡ። ታሪኩ ገና የብስ ላይ፣ ማደሪያው ቤት አካባቢ ስለሆነ የባህር ቃል ብዙም አያስቸግራችሁም። ያንን ወረቀት የተሰጣችሁ ተማሪዎች ካላችሁም፣ ለፈተናው ስትሉ ያዙት፤ ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ምዕራፍ አንድን ክፈቱ።