እዝባር የዋጣቸው ፊደላት

የምሠራው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካለ ቲኬት ቢሮ ነው። ቲኬት መሸጥ ብቻ አይደለም ሥራችን። ልጆቻቸው ከውጭ በኢንተርኔት ቲኬት የገዙላቸው እናቶችና አባቶች «እስኪ አንብብልኝ» እያሉ ይመጣሉ። ለዚህ ገንዘብ አንቀበልም፤ እኔ ግን ከምሠራው ሁሉ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው ወልዳ አራስ ሊጠይቁ ወደ ዋሽንግተን ሊሄዱ ነው፤ እሑድ ከአዘዞ ተነስተው በቦሌ በኩል። ጥያቄያቸው ስለ ሻንጣ ነበር፤ በርበሬው፣ ሽሮውና የገንፎው ዱቄት ከተፈቀደው ኪሎ ያልፍ እንደሆነ ሊያውቁ። በመሐረብ የጠቀለሉትን ፓስፖርት ከደረታቸው አውጥተው ከቲኬቱ ወረቀት ጋር ሰጡኝ።

ሻንጣውን ትቼ ስሙ ላይ ቀረሁ። ቲኬቱ ላይ የአያታቸው ስም የሚጀምረው በአንዲት «ደብሊው» ሲሆን «ገብርኤል» የሚለው እሷው ላይ ተለጥፏል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ግን «ወልደገብርኤል» ነው፤ አንድ ፊደል አልጎደለውም።

ከየት እንደመጣ ለመገመት አልተቸገርኩም። መታወቂያ ላይ፣ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ፣ ደመወዝ መክፈያ ላይ «ወ/ገብርኤል» እየተባለ ነው የኖርነው። ቲኬቱን የገዛው ወንድ ልጃቸው በለመደው መንገድ ጻፈ፣ ድረ ገጹ እዝባሩን (/) አልቀበልም አለው፣ እሱም እዝባሩን አጥፍቶ ከፈለ።

ድረ ገጹ እምቢ ማለቱ በምክንያት ነው። በቲኬት ሲስተም ውስጥ እዝባር የራሱ ሥራ አለው፤ የቤተሰብ ስም ከሚባለው ቀጥሎ ገብቶ ከተሳፋሪው ስም የሚለየው እሱ ነው። ስም መሀል ሌላ እዝባር ከገባ ሲስተሙ ስሙን ከማይሆን ቦታ ይቆርጠዋል።

ፓስፖርቱን ገልጬ ከፎቶው ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች አሳየኋቸው። እያንዳንዱ መስመር 44 ቦታ አለው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሰነድ 9303 በሚባለው ደንቡ እንዳስቀመጠው፣ እዚያ የሚገቡት ትልልቅ የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ባዶውን ቦታ የሚሞላው ምልክት (<) ብቻ ናቸው። አፖስትሮፍ (') ይወጣና ፊደላቱ ይገጥማሉ፤ ጭረት ካለ በመሙያው ምልክት ይተካል። ስለዚህ ስሟን በአፖስትሮፍ የምትጽፍ መዓዛ ቲኬቷ ላይ ምልክቱን ብታጣው መደንገጥ የለባትም፤ ማሽኑ በሚያነበው የፓስፖርቷ መስመር ላይም የለም። የራስና የአባት ስም ተጣብቀው ቢታተሙ፣ «ሚስስ» የሚለው ከስሙ ጫፍ ላይ ቢለጠፍም ችግር የለውም። ፊደላቱ ሁሉ በቦታቸው አሉና። የእኛ እዝባር ግን ፊደላት ውጦ የተቀመጠ ነው። እሱ ሲሰረዝ የዋጣቸው ፊደላት ተመልሰው አይመጡም።

«ልጄ፣ የአያቴ ስም ምን አጠፋ?» አሉኝ።

«ስሙ ምንም አላጠፋም እማማ፤ ያሳጠሩት ናቸው ያጠፉት» አልኳቸው።

«ግድ የለም፣ ያልፋሉ» ብሎ መሸኘት ይቻል ነበር። እንዲህ የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ወደ አሜሪካ ለሚበር ሰው አየር መንገዱ ሙሉ ስሙን፣ የትውልድ ቀኑንና ጾታውን ከበረራው 72 ሰዓት ገደማ አስቀድሞ ለዚያ አገር መንግሥት ያስተላልፋል። እንግሊዝኛ የማይናገሩ አሮጊት ብቻቸውን ቦሌ ላይ፣ በሌሊት፣ ከሰልፍ ወጥተው ስለ አያታቸው ስም እንዲከራከሩ የሚፈርድ ሰው እናቱን ቢያስብ ይሻለዋል።

እኛ ቲኬቱን ማየት እንጂ መንካት አንችልም፤ ማስተካከል ያለበት የሸጠው ወኪል ነው፣ እሱ ደግሞ ያለው አሜሪካ። ደግነቱ እዚህ ሲመሽ እዚያ ገና ጠዋት ነው። ልጅየው ወደ ወኪሉ ቢሮ ደወለ፤ «ስም መቀየር አይፈቀድም፣ ሌላ ቲኬት ግዛ» አሉት። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ መልሶ ለኛ ደወለ። «ለውጥ አትበላቸው፣ እርማት በላቸው» አልኩት። ለውጥ ማለት ቲኬቱን ለሌላ ሰው ማዛወር ነው፤ እርማት ግን ሰውየው ያው ሆኖ አጻጻፉ ሲስተካከል ነው። የፓስፖርቱን ገጽ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት፤ የትውልድ ቀኑ ከቲኬቱ ጋር አንድ መሆኑን እንዲያሳያቸው ነገርኩት። ሲያስረዳቸው ቆይቶ፣ የእርማት ክፍያ ከፍሎ፣ ቅዳሜ ጠዋት የተስተካከለው ቲኬት መጣ። እናትየዋም እሑድ በረሩ፤ በሰላም ገብተዋል።

ከውጭ ሆናችሁ ለወላጅ ቲኬት የምትገዙ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት የፓስፖርቱን ፎቶ አስልኩና ስሙን ከግርጌው መስመር ገልብጡ፤ በፊደላት መካከል መሙያ ምልክት ካለ እዚያ ቦታ ላይ ክፍተት ተዉ። ፓስፖርቱ ራሱ ስሙን አሳጥሮ ይዞት ከሆነ ደግሞ ቲኬቱም አሳጥሮ ይያዘው፤ እዚህ ላይ ትክክለኛውን ስም ልጻፍ ማለት ይጎዳል። ስሙ ይቃና ከተባለ የሚጀመረው ከፓስፖርቱ ነው፣ ያውም ቪዛ ከመጠየቁ በፊት፤ ቪዛው ከተመታ በኋላ ሦስቱንም ማስተካከል ሊመጣ ነውና።