በኑግ ዘይት ሳሙና ቤት ማጽዳት፦ ዋናው ነገር ውሃው ነው

ቤቴ ውስጥ የዱቄት ሳሙና መጠቀም ካቆምኩ ቆየሁ። ወለሉም፣ ዕቃውም፣ የወጥ ቤቱ ግድግዳም፣ ልብሱም የሚጸዳው በአንድ ሳሙና ነው፤ ከኑግና ከኮኮናት ዘይት በተሠራ ደረቅ ሳሙና። ያስጀመረኝ እጄ ነው። ጣቶቼ እየተሰነጣጠቁ ሽንኩርት መክተፍ እንኳ መከራ ሆኖብኝ ነበር። ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ የራሳቸው ምክንያት አላቸው። የጾም ድስታቸውን የሞራ ሳሙና እንዲነካው አይፈልጉም። «የፍስኩን ዕቃ ለይቼ አስቀምጬ፣ የጾሙን በከብት ሞራ ልሸው እንዴ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የሳሙና ማሸጊያ ላይ «ሶዲየም ታሎዌት» የሚል ካያችሁ የከብት ሞራ አለበት ማለት ነው። «ሶዲየም ፓልሜት» ከሆነ የዘንባባ ዘይት ነው፣ «ሶዲየም ኮኮት» ከሆነ የኮኮናት።

ሳሙናውን ራሴ አልሠራም። የምትሠራ ልጅ አለች፣ ከእሷ ነው የምገዛው። ዘይት ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሃድ ነው ሳሙና የሚሆነው፤ በልኩ ከተመዘነና በደንብ ከቆየ ሶዳው ተዋህዶ ያልቃል፣ እጅ አያቃጥልም። ገና ሳይዋሃድ ግን ቆዳ ይበላል፣ ዓይን ያጠፋል፤ ልጆች በሚሯሯጡበት ቤት እኔ አልሞክረውም። ኑግ ብቻውን ለስላሳና ቶሎ የሚሟሟ ሳሙና ነው የሚወጣው። የሚያጠነክረውና አረፋ የሚሰጠው ኮኮናቱ ነው።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። 50 ግራም የሚሆን ሳሙና በካሮት መፈቅፈቂያ እፈቀፍቃለሁ፣ አንድ ሊትር ሙቅ ውሃ እጨምርበታለሁ፣ አማስዬ ከድኜ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ወፍሮ ይገኛል። ለወለል ከዚያ ሁለት ሦስት ማንኪያ ለግማሽ ባልዲ ውሃ ይበቃል። በየሳምንቱ አዲስ ነው የማዘጋጀው፤ ውሃ ከገባበት በኋላ ብዙ ከቆየ መሽተት ይጀምራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስለ ተፈጥሮ ሳሙና የሚያወራ ሰው ሁሉ ስለ ዘይቱ ነው የሚያወራው፤ ስለ ውሃው የሚያነሳ ግን ብዙም አላየሁም። ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው፣ ሌሊት ተነስቶ ጄሪካን የሚደረድር ሰው፣ ሳሙናን የሚለካው በአረፋው አይደለም። በማለቅለቂያው ነው። ይሄ ዕቃ ጥርት እስኪል ስንት ጆግ ይፈጃል? ጥያቄው እሱ ነው። ሳሙና ስታበዙ ወለሉ ያንሸራትታል፣ ሲደርቅ ነጭ ነጭ ይመታል፣ ከዚያ ያንን ለማንሳት ያጠራቀማችሁት ውሃ ያልቃል። ስለዚህ ትንሽ ሳሙና፣ ጥሩ ፎጣ፣ ትንሽ ጉልበት።

ውሃው ራሱም ይለያያል። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ፣ ጠንካራ ውሃ የሚባለው፣ ከሳሙናው ጋር ተዋህዶ ነጭ ቆሻሻ ይሠራል። አረፋው ይጠፋል፣ ባልዲው ጠርዝ ላይ የሚያጣብቅ ቀለበት ይቀራል፣ ነጭ ልብስም ውሎ አድሮ ግራጫ ይመስላል። የዱቄት ሳሙና ለዚህ የሚሆን ነገር ስለሚጨመርበት ብዙም አያሳይም። የዘይት ሳሙና ግን ወዲያው ያጋልጣችኋል። የቤታችሁን ውሃ ለመፈተን ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ግማሽ ሃይላንድ ውሃ ላይ ትንሽ ሳሙና ጠብ አድርጉና ናጡት። አረፋው ከላይ ቆሞ ከቀረ፣ ውሃውም ከስር ጥርት ካለ፣ ተገላገላችሁ። ውሃው ከደፈረሰና አረፋው ቶሎ ከተኛ ጠንካራ ነው። እኔ የቧንቧውን፣ ከጉድጓድ የተቀዳውንና ከጣራ የወረደውን የዝናብ ውሃ ጎን ለጎን ናጥኳቸው። ዝናቡ አንደኛ ወጣ፣ ጉድጓዱ መጨረሻ። ዝናብ እነዚያ ማዕድናት ስለሌሉበት ነው። ስለዚህ ክረምት ላይ ቆርቆሮው መጀመሪያ በደንብ ይታጠብና ከዚያ በኋላ ያለውን በበርሜል እይዛለሁ፤ ለልብስ እሱን ነው የምጠቀመው። የጉድጓዱ ለሽንት ቤት ይሁን።

ሳሙናው በጣም የሚያኮራኝ ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ነው። ቀይ ወጥ የሚሠራበት ቤት ያንን ግድግዳ ያውቀዋል፤ ቁሌቱ ሲንቸከቸክ የተረጨው ዘይት፣ በላዩ አቧራ፣ በአቧራው ላይ ደግሞ ሌላ ዘይት። የወፈረውን ሳሙና ውሃ ሳልጨምር በስፖንጅ እቀባውና ቡና እስኪፈላ እተወዋለሁ። ስመለስ ብርቱካንማ መስመር እየሠራ ወደ ታች መውረድ ጀምሮ አገኘዋለሁ። የበርበሬው ቀለም የሚሟሟው በዘይት ነው፣ በውሃ አይደለም፤ ሳሙናው ዘይቱን ሲያነሳ ቀለሙም አብሮት ይሄዳል። በእርጥብ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ማበስ ነው፣ አለቀ።

ሎሚ ጨምሩበት የሚል ምክር ስትሰሙ ግን አትቀበሉ። አሲድ ሳሙናን መልሶ ወደ ቅባት ይለውጠዋል። ባልዲው ውስጥ ሎሚ ጠብ ካደረጋችሁበት እንደ እርጎ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ወለሉን በቅባት መወልወል ነው። ሎሚ ቦታ አለው፤ ዕቃው ታጥቦና ተለቅልቆ ካበቃ በኋላ ብርጭቆ ላይ የቀረ ነጭ ጉም ካለ፣ ሎሚ ጠብ ባለበት ውሃ ማለቅለቅ ያነሳዋል። በተራ በተራ እንጂ አንድ ላይ አይሁን። በረኪናና ሎሚ ወይም በረኪናና አቼቶ ማደባለቅማ ጨርሶ አይሞከርም፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፣ ሳንባ ይጎዳል። የዘይት ሳሙና በረኪናን አይተካም፣ ያ ሥራው አይደለም። እኔም ለሽንት ቤት በረኪና አላቆምኩም።

የማይነካቸው ዕቃዎችም አሉ። ጀበና፣ የሸክላ ድስት፣ የሸክላ ምጣድ። ሸክላ ሳሙናውን ይመጥና በሚቀጥለው ቡና ላይ ይመልሰዋል፤ ጽጌረዳ የሚሸት ቡና ማን ይጠጣል? ሙቅ ውሃ ይበቃቸዋል። መሶብም አይነከርም፣ ውጪውን በተጨመቀ ጨርቅ ማበስና ፀሐይ ማስመታት ነው።

ነጠላና ጋቢ ላይ ከእትዬ ጋር ተከራክረን አልተግባባንም። ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር ላይ ነጭ ያልሆነ ነጠላ ማን ይለብሳል፣ ጥር 11 ቀን ዘመድ ሁሉ እኛ ቤት ነው። እኔ በዝናብ ውሃና በኑግ ሳሙና አጥባለሁ። እሳቸው ግን በእንዶድ። «ሳሙናሽ ጥሩ ነው ልጄ፣ ግን በዚህ የጉድጓድ ውሃ እንዶድን የሚያህል የለም።» «አንቱ ደግሞ እንዶድ ካለ ዓለም አይታይዎትም» እላቸዋለሁ፤ ግን ልክ ናቸው። የእንዶድን ፍሬ አድርቀው ሲወቅጡት የሚያረፋው ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለው ነው፤ ሳፖኒን ከሳሙና የተለየ ስለሆነ ጠንካራ ውሃ ውስጥ ያንን ነጭ ቆሻሻ አይሠራም። የታጠበበት ውሃ ግን ወንዝ ውስጥ አይደፋም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የእንዶድ ምርምራቸውን የጀመሩት። ቀንድ አውጣ የሚገድል ዓሣም ይገድላል። እትዬ ለቀሃ ወንዝ ግድ የላቸውም፣ እኔ ግን ውሃውን ሽንት ቤት ነው የማስደፋቸው።

ስትገዙ ብዙ አታከማቹ። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ቶሎ የሚበላሽ ዓይነት ነው፣ ሳሙናውም ሲቆይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ የቆየ ዘይት ይሸታል። መርዝ አይሆንም፣ ወለል ያጸዳል፤ ነጠላ ላይ ግን አልደፍርም። ውሃ በሚያሳልፍ ማስቀመጫ ላይ፣ ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ውሃ ውስጥ ተኝቶ ያደረ ሳሙና ግማሹ በነጋታው የለም።